“ቅናሽ” የተባለው ሆቴል ከኤርፖርት እስከ አልጋ ሲሰላ

ከአዲስ አበባ ወደ ዱባይ የሚጓዝ ሰው ብዙ ጊዜ ሁለት ነገር ይገዛል፤ የአውሮፕላን ቲኬትና የሆቴል አልጋ። ቲኬቱን ሦስት ቢሮ አጠያይቆ ይቆርጣል። ሆቴሉን ደግሞ በስልኩ ላይ “40 በመቶ ቅናሽ” የሚል ቀይ ጽሑፍ አይቶ ይይዛል። በሁለቱ መሀል ያለችውን መንገድ፣ ማለትም ከኤርፖርቱ መውጫ እስከ ሆቴሉ ሪሴፕሽን ያለችውን ግን “እዚያው ስደርስ ይታያል” ብሎ ይተዋታል። በእኔ እምነት ብዙው ኪሳራ የተደበቀው እዚህች ላይ ነው። ሌሊት የሚያርፍ በረራ፣ የተዘጋ ባቡር፣ ከከተማ የራቀ ሆቴልና ሲደርሱ የሚነገር ተጨማሪ ክፍያ ሲደመሩ “ቅናሽ” የተባለው ነገር በማግስቱ ጠዋት በቦታው አይገኝም።

ዱባይን ለምሳሌ የወሰድኩት በቂ ምክንያት ስላለኝ ነው። ለንግድ፣ ለስብሰባ፣ ለሥልጠና፣ ዘመድ ለመጠየቅም ሆነ እግረ መንገድን ለማረፍ የእኛ ሰው አዘውትሮ የሚረግጣት ከተማ ናት። የምናወጣው ገንዘብ ደግሞ በስንት ልፋት የተገኘ የውጭ ምንዛሪ ነው። እኔ በትምህርቴ የሕግ ሰው ነኝ። ስለዚህ “ቅናሽ” የሚለውን ቃል የማነበው እንደ ማስታወቂያ ሳይሆን እንደ ውል ቃል ነው። አንባቢም እንዲህ ቢያነበው የሚያተርፍ ይመስለኛል።

ቅናሹ ከምን ላይ ነው?

“ከ500 ወደ 300 ወርዷል” የሚል ጽሑፍ ስናይ መጀመሪያ ልንጠይቅ የሚገባን 500 የተባለው ዋጋ የማን ዋጋ እንደሆነ ነው። ጥያቄው የተጠራጣሪ ሰው ጥያቄ ብቻ አይደለም፤ ፍርድ ቤትም ጠይቆታል። የአውስትራሊያ የሸማቾች ጥበቃ ባለሥልጣን ትሪቫጎ የተባለውን የሆቴል ዋጋ ማወዳደሪያ ከሶ፣ የአገሪቱ ፌዴራል ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በጥር 2020 ድርጅቱ ሸማቾችን አሳስቷል ሲል ወስኗል። ከተገኙት ጥፋቶች አንዱ በመስመር ተሰርዞ የሚታየው ከፍተኛ ዋጋ ብዙ ጊዜ የዚያው ሆቴል የቅንጡ ክፍል ዋጋ ሆኖ ከተራ ክፍል ጋር ይወዳደር የነበረ መሆኑ ነው። ሌላው ደግሞ በዝርዝሩ ላይ ጎላ ብሎ የሚታየው ሆቴል የግድ ርካሹ ሳይሆን፣ ለማወዳደሪያው ድርጅት የተሻለ የሚከፍል ሻጭ ያቀረበው መሆኑ ነበር። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2022 ፍርድ ቤቱ 44.7 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ቅጣት ጥሎበታል።

በእንግሊዝም እ.ኤ.አ. በ2019 የውድድርና የገበያ ባለሥልጣኑ ባካሄደው ምርመራ ኤክስፒዲያ፣ ቡኪንግ ዶት ኮም፣ አጎዳ፣ ሆቴልስ ዶት ኮም፣ ኢቡከርስና ትሪቫጎ አሠራራቸውን ለማረም ቃል ገብተዋል። “አንድ ክፍል ብቻ ቀርቷል”፣ “አሁን 12 ሰዎች እያዩት ነው” የሚሉ ማጣደፊያዎች፣ ግልጽ ያልሆኑ ቅናሾችና መጨረሻ ላይ ብቅ የሚሉ ግዴታ ክፍያዎች ነበሩ ጉዳዩ። አሜሪካም ከእ.ኤ.አ. ግንቦት 2025 ጀምሮ ለአጭር ጊዜ የሚከራይ ማረፊያ ግዴታ ክፍያዎችን ያካተተ ጠቅላላ ዋጋ ከመጀመሪያው እንዲነገር የሚያስገድድ ደንብ አውጥታ ሥራ ላይ አውላለች።

ከዚህ ሁሉ የምንወስደው ትምህርት አንድ ነው። የቅናሹን መቶኛ መመልከት ትተን የምንከፍለውን ጠቅላላ ገንዘብ እንመልከት። አንዱን ሆቴል በሁለት ቦታና በራሱ በሆቴሉ ድረ ገጽ፣ በአንድ ዓይነት ቀን፣ በአንድ ዓይነት ክፍልና ቁርስን በተመለከተ በአንድ ዓይነት ሁኔታ እናነጻጽር። ሆቴሉ ዘንድ ደውሎ ወይም ጽፎ “በቀጥታ ብይዝ ስንት ነው?” ብሎ መጠየቅም ነውር የለውም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነውና፣ የሚያጣድፈን ጽሑፍ በበዛ ቁጥር ረጋ ማለት ይገባል።

ጠቅላላው ዋጋ በዱባይ

በአዲስ አበባ ትልልቅ ሆቴሎች ዋጋ ሲነግሩን “ፕላስ ፕላስ” ይሉናል፤ 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያና 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ማለታቸው ነው። ዱባይም የራሷ “ፕላስ” አላት። በክፍሉ ዋጋ ላይ 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ፣ 7 በመቶ የማዘጋጃ ቤት ክፍያና እ.ኤ.አ. ከጥር 2018 ጀምሮ 5 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ይታሰባል። ከዚህ ሌላ “ቱሪዝም ድርሃም” የሚባል፣ እ.ኤ.አ. በ2014 የተጀመረ ክፍያ አለ። እንደ ሆቴሉ ደረጃ ለአንድ ክፍል በአንድ ሌሊት ከ7 እስከ 20 ድርሃም ይሆናል። ይህ የመጨረሻው ብዙ ጊዜ የሚሰበሰበው በሪሴፕሽን ስለሆነ፣ ሁሉንም ከፍያለሁ ያለው ሰው እንኳ ሲደርስ ይጠየቃል። ማጭበርበር አይደለም፤ ሕጋዊ ክፍያ ነው። አስቀድሞ ያላወቀው ሰው ግን እንደ ተጭበረበረ ይቆጥረዋል።

በቁጥር እንየው። አንድ ክፍል ያለ ታክስ በሌሊት 200 ድርሃም ተባለ እንበል። አምስት ሌሊት 1,000 ድርሃም ይሆናል። 22 በመቶ ሲጨመር 1,220 ይደርሳል። በቀን 10 ድርሃም ቱሪዝም ድርሃም ብንጨምር 1,270 ሆነ። አንዱ ክፍያ በሌላው ላይ ሲሰላ ጥቂት ሊጨምርም ይችላል። ድርሃም እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ ከአሜሪካ ዶላር ጋር በ3.6725 የተቆራኘ ስለሆነ ስሌቱ ቀላል ነው። በማስታወቂያው 272 ዶላር የነበረው ሒሳብ ወደ 346 ዶላር አደገ ማለት ነው። ልዩነቱ 74 ዶላር ያህል ነው፤ ለኤርፖርት መመላለሻ ከበቂ በላይ። ስለዚህ ዋጋ ሲያወዳድሩ “ታክስና ክፍያዎችን ጨምሮ” የሚለውን ምርጫ መጀመሪያ ያብሩ።

ከኤርፖርቱ መውጣት

በመጀመሪያ የትኛው ኤርፖርትና የትኛው ተርሚናል ላይ እንደሚያርፉ ይወቁ። የዱባይ ዓለም አቀፍ ኤርፖርት ሦስት ተርሚናሎች አሉት። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መንገደኞች የሚወርዱት በተርሚናል 1 ሲሆን ኤምሬትስ ተርሚናል 3ን ይጠቀማል። ሁለቱም የሜትሮ ጣቢያ አላቸው። ተርሚናል 2 ግን ከማኮብኮቢያው ማዶ ያለና ሜትሮ የማይደርስበት ነው። ከከተማዋ በስተደቡብ ርቆ አል ማክቱም የሚባል ሌላ ኤርፖርትም አለ። “ከኤርፖርት 10 ደቂቃ” የሚል ሆቴል ከየትኛው ኤርፖርት እንደሆነ መጠየቅ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ሜትሮው፤ እ.ኤ.አ. መስከረም 9 ቀን 2009 የተከፈተው የቀይ መስመር ሜትሮ ከኤርፖርቱ በዴይራ በኩል አድርጎ ወደ መሀል ከተማ ይወስዳል። “ኖል” የሚባል ካርድ ያስፈልጋል፤ የብሩ ቀለም ያለው ካርድ 25 ድርሃም ሲሆን 19 ድርሃሙ ለጉዞ የሚውል ነው። በአንድ ቀጠና ውስጥ 3 ድርሃም፣ በሁለት ተጎራባች ቀጠናዎች 5 ድርሃም፣ ከዚያ በላይ 7.50 ድርሃም ይከፈላል። ከኤርፖርት እስከ አል ሪጋ ወይም ዩኒየን ጣቢያ የአንድ ቀጠና መንገድ ነው። ለሴቶችና ለሕፃናት የተለየ ፉርጎ፣ እንዲሁም “ጎልድ” የሚባል ባለ ዕጥፍ ዋጋ ፉርጎ አለ። ሳያውቁ የገቡ ሰዎች 100 ድርሃም ይቀጣሉ። ሻንጣም ገደብ አለው፤ ለአንድ ሰው አንድ ትልቅና አንድ ትንሽ ነው የሚፈቀደው።

የሜትሮው ትልቁ እንከን ሰዓቱ ነው። ከሰኞ እስከ ሐሙስና ቅዳሜ ከንጋቱ 11 ሰዓት እስከ እኩለ ሌሊት፣ ዓርብ እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት፣ እሑድ ደግሞ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምሮ ነው የሚሠራው። ሌሊት የሚያርፍ ሰው ሜትሮውን ከሒሳቡ ማውጣት አለበት።

ታክሲ፤ ከመውጫው ፊት ለፊት ተሰልፈው የሚጠብቁት ታክሲዎች በቆጣሪ ይሠራሉ፤ ሌሊትም አሉ። ከኤርፖርት ሲነሱ መነሻው 25 ድርሃም ነው፤ ከዚያ በኪሎ ሜትር ሁለት ድርሃም ገደማ ይጨምራል። ዴይራ ውስጥ ላለ ሆቴል 40 ድርሃም አካባቢ ሲሆን፣ ዱባይ ማሪና ድረስ ግን ከ100 ድርሃም ያልፋል። “ሳሊክ” የሚባለው የመንገድ ክፍያ ካለ በላዩ ይታሰባል። ጣራቸው ሮዝ ቀለም የተቀባና ሴቶች የሚያሽከረክሯቸው ታክሲዎች ለሴቶችና ለቤተሰብ ተዘጋጅተዋል። ለብቻዋ ሌሊት ለምትደርስ እህታችን ይህን መንገር ደግ ነው። አዳራሹ ውስጥ ቀርቦ “ታክሲ ታክሲ” የሚል ሰው ቢያጋጥም አመስግኖ ወደ ሰልፉ መሄድ ነው።

ሒሳቡ በሰው ብዛት ይለወጣል። ብቻውን አንድ ሻንጣ ይዞ ቀን የሚደርስ ሰው ሜትሮ ያዋጣዋል። አራት ሆነው የሚጓዙ ቤተሰቦች ግን አራት ካርድ ሲገዙ 100 ድርሃም ያወጣሉ፤ በታክሲ 40 ድርሃም ይበቃቸው ነበር። ዕቃ ገዝተው የሚመለሱ ነጋዴዎችም ስለ መመለሻው ሜትሮ ባያስቡ ይሻላል።

የሆቴል መኪና፤ “ነፃ የኤርፖርት ትራንስፖርት” የሚለው ጽሑፍ ሦስት ጥያቄ ይፈልጋል። በስንት ሰዓት በስንት ሰዓት ነው የሚመጣው? የት ነው የሚቆመው? መውሰድ ብቻ ነው ወይስ መመለስም ጭምር? በክፍያ የሚያዝ መኪና ከሆነ ደግሞ የበረራ ቁጥርዎን ይስጡ፤ አውሮፕላኑ ቢዘገይ የሚጠብቅበትን ጊዜና የመዘግየት ክፍያውን በጽሑፍ ያግኙ። አረጋዊ ወላጅ ወይም ሕመምተኛ ይዞ ለሚጓዝ ሰው ስም የተጻፈበት ወረቀት ይዞ የሚጠብቅ ሾፌር ቅንጦት አይደለም።

ዘመድስ?

ዘመድ ከዘመዱ አህያ ከአመዱ ይባላል። የእኛ ሰው በተለይ በባሕረ ሰላጤው አገሮች “እህቴ አለች፣ ትቀበለኛለች” ማለት ይቀናዋል። መልካም ነው። ነገር ግን ያቺ እህት በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ ከሆነች፣ የእኛ “ነፃ” መቀበያ የሳምንቱን አንድ የዕረፍት ቀኗን ሊበላ፣ ወይም በሌሊት ፈቃድ ጠይቃ ከአሠሪዋ ጋር ሊያጋጫት ይችላል። የታክሲውንም የምትከፍለው እሷ ናት፤ “እንግዳዬ ነህ” ብላ ገንዘባችንን አትቀበልም። በ40 ድርሃም የሚያልቅን ጉዳይ የእሷን የአንድ ቀን ድካም አስከፍለን መምጣታችንን ማሰብ ይገባል። በታክሲ ገብቶ፣ አርፎ፣ በዕረፍት ቀኗ ምሳ መጋበዝ የበለጠ ዘመድነት ይመስለኛል።

ቀኑና ሰዓቱ

የእኛ መንገደኛ ሁለት ሰዓትና ሁለት ዘመን አቆጣጠር ይዞ ስለሚጓዝ እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። ቲኬቱ ላይ 01፡30 ተብሎ የተጻፈው በእኛ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ተኩል ነው። ዱባይ ደግሞ ከአዲስ አበባ በአንድ ሰዓት ትቀድማለች። እንግዲህ አውሮፕላኑ ማርች 12 ከሌሊቱ 7 ሰዓት ተኩል ላይ ቢያርፍ፣ ሆቴሉ መያዝ ያለበት ከማርች 11 ሌሊት ጀምሮ ነው። ማርች 12 ብሎ የያዘ ሰው ክፍል የሚያገኘው በማግስቱ ከቀኑ 8 ወይም 9 ሰዓት ላይ ነው፤ ሌሊቱን በሪሴፕሽን ወንበር ላይ ያሳልፋል። ትክክለኛውን ቀን የያዘም ሰው ቢሆን “ሌሊት ነው የምደርሰው” ብሎ ለሆቴሉ ካላሳወቀ፣ እንዳልመጣ ተቆጥሮ ክፍሉ ለሌላ ሊሰጥበት ይችላል።

ርካሽ ሆቴል የት ነው?

ለአብዛኛው የእኛ ሰው ጉዳይ ዴይራ ያመቻል። አል ሪጋ፣ ዩኒየን፣ ባኒያስና ናይፍ አካባቢ መጠነኛ ሆቴሎች ሞልተዋል። ገበያው ቅርብ ነው፤ የእኛ ምግብ ቤቶችም አይጠፉም። ወደ ቡር ዱባይ ለመሻገር በአንድ ድርሃም አብራ በሚባለው ጀልባ ይኬዳል። እንከኑ አንዳንድ የቆዩ ሆቴሎች ውስጥ የሌሊት ጭፈራ ቤት መኖሩ ነው። የእንግዶችን አስተያየት ሲያነቡ የቅርብ ወራቱን ያስቀድሙ፤ ስለ ጩኸት፣ ስለ ሊፍትና ስለ አየር ማቀዝቀዣ የተጻፈውን ይፈልጉ።

ሁለተኛው ጉዳይ ከሜትሮ ጣቢያ ያለው ርቀት ነው። የ15 ደቂቃ የእግር መንገድ በጥር ሽርሽር ነው፤ ሙቀቱ 40 ዲግሪ በሚያልፍበት በሐምሌ ግን ታክሲ መያዝ ይሆናል። በበጋ ወራታቸው የሆቴል ዋጋ የሚወርደውም በዚሁ ሙቀት ምክንያት ነው። በአንጻሩ በታኅሣሥ መጨረሻና እንደ ጉልፉድ ያሉ ትልልቅ ኤግዚቢሽኖች ባሉበት ሳምንት ዋጋው ይሰቀላል። ቀንዎን በጥቂት ማሸጋገር ከቻሉ ከማንኛውም የቅናሽ ኩፖን ይበልጥ ይጠቅማል።

ሦስተኛው ሻርጃ ነው። “ለዱባይ ኤርፖርት ቅርብ” የተባለ ርካሽ ሆቴል አድራሻው ሲታይ ሻርጃ ሆኖ ይገኛል። ሻርጃ ሌላ ኤምሬት ናት፤ የዱባይ ሜትሮ አይደርስባትም። ጠዋትና ማታ በሁለቱ መሀል ያለው የመኪና መጨናነቅ የታወቀ ነው። የአልኮል መጠጥም በሻርጃ የተከለከለ ነው። በሌሊት 50 ድርሃም ቢቆጥቡ በአምስት ሌሊት 250 ድርሃም ይሆናል። ለመመላለሻ በቀን 100 ድርሃም ቢያወጡ ግን 500 ድርሃም ሄደ። ጉዳይዎ ሻርጃ ከሆነ፣ ወይም በረራዎ እዚያ የሚያርፍ ከሆነ፣ ያን ጊዜ ስሌቱ ይለወጣል።

“የማይመለስ” የሚለው ቃል

ትልቁ ቅናሽ ብዙ ጊዜ የሚገኘው “ተመላሽ የሌለው” በሚለው ዋጋ ላይ ነው። ይህ በሕግ ሰው ዓይን ሲታይ ግልጽ ውል ነው፤ ሆቴሉ ዋጋ ይቀንሳል፣ እንግዳው የመሰረዝ መብቱን ይለቃል። ችግሩ እኛ የምንለቀው መብት ከሌላው አገር ሰው ይልቅ የሚያስፈልገን መሆኑ ነው። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ጎብኚ ለዱባይ አስቀድሞ ቪዛ ማግኘት አለበት። ቪዛው ሊዘገይ፣ ሊከለከልም ይችላል። አንድ ጠበቃ ባልደረባዬ ለሥልጠና ሊሄድ በተመላሽ የለሽ ዋጋ ክፍል ከያዘ በኋላ ቪዛው ዘግይቶበት የሦስት ሌሊት ገንዘብ ቀርቶበታል። ሆቴሉ የውሉን ቃል ጠቅሶ መለሰለት፤ የሚከራከርበት ነጥብ አልነበረውም።

የእኛ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 2653 ጀምሮ ስለ ሆቴል ውል የሚደነግግ ክፍል አለው፤ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006ም ሸማቹን ከአሳሳች ማስታወቂያ ይጠብቃል። ይሁንና ሆቴሉ ዱባይ፣ ክፍሉን የሸጠልን ድርጅት አምስተርዳም ወይም ሲንጋፖር፣ እኛ አዲስ አበባ በሆንንበት ጉዳይ ለ200 ዶላር ብሎ ክስ መመሥረት ከክርክሩ ዋጋ በላይ ያስወጣል። ስለዚህ መድኃኒቱ ሳይደርቅ በእርጥብ፣ ሳይርቅ በቅርብ ነው። ቪዛው እጅዎ እስኪገባ ድረስ ያለ ክፍያ የሚሰረዝ ክፍል ይያዙ፤ የመሰረዣውን የመጨረሻ ቀንና ሰዓት በየትኛው አገር አቆጣጠር እንደሆነ ጭምር ይመዝግቡ። ቪዛው ሲወጣ ወደ ርካሹ ዋጋ መለወጥ ይቻላል። ዋጋው በመሀል ቢጨምር እንኳ ጭማሪው ሙሉውን ከማጣት ይሻላል።

ካርድና መያዣ

ብዙ ሆቴሎች እንግዳ ሲገባ መያዣ ይጠይቃሉ፤ በጥሬ ገንዘብ ወይም በካርድ። ከባንኮቻችን በምንወስደው የቅድመ ክፍያ ካርድ ላይ መያዣ ሲያዝ ገንዘቡ ከሆቴሉ ከወጡም በኋላ ለቀናት ታግዶ ሊቆይ ይችላል። ጠቅላላ በጀታቸውን በአንድ ካርድ ላይ ያደረጉ ሰዎች በመጀመሪያው ቀን ግማሹን ማንቀሳቀስ ያቅታቸዋል። መጠኑን አስቀድሞ መጠየቅና ለመያዣው ጥሬ ገንዘብ ለይቶ መያዝ ይበጃል፤ ደረሰኝም ይቀበሉ። ሲከፍሉ ማሽኑ “በዶላር ወይስ በድርሃም?” ቢል ድርሃምን ይምረጡ፤ በማሽኑ የሚሰላው ምንዛሪ ለከፋዩ ብዙም አይጠቅምም። ፓስፖርትዎን ሆቴሉ ገልብጦ መመለስ እንጂ አስቀምጦት ማቆየት የለበትም።

ከመክፈል በፊት

አንባቢ ቆርጦ ሊያስቀምጠው እንዲችል ያልኩትን በአጭሩ ልደርድረው።

1. ታክስና ክፍያ ያካተተውን ጠቅላላ ዋጋ በሁለት ቦታና ከሆቴሉ ዘንድ ያነጻጽሩ።
2. የቱሪዝም ድርሃሙን በሌሊት ቁጥር አባዝተው ይደምሩ።
3. የኤርፖርት መሄጃና መመለሻውን፣ የየቀኑን መመላለሻም በዚያው ላይ ይጨምሩ።
4. የሆቴሉን አድራሻ በካርታ ያረጋግጡ፤ ኤምሬቱንም ጭምር።
5. የመግቢያውን ቀን ከበረራው ማረፊያ ሰዓት ጋር ያስተያዩ።
6. ቪዛ ሳይኖር ተመላሽ የለሽ ክፍል አይያዙ።
7. ዋጋውንና የመሰረዣ ደንቡን የሚያሳየውን ገጽ ፎቶ አንስተው ያስቀምጡ፤ ክርክር ቢነሳ ማስረጃዎ እሱ ነው።
8. የሆቴሉን ስም፣ አድራሻና ስልክ በወረቀት ይያዙ፤ ሌሊት ላይ ስልክ ሊዘጋ ይችላል።

ይህ ሁሉ ጣጣ ለእኛ አዲስ የሆነው ቦሌ ኤርፖርት ከተማው ውስጥ ስላለ ነው። ታክሲም ሆነ ራይድ ይዘን በአጭር ጊዜ ቤታችን እንገባለን። ከአዲስ አበባ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በቢሾፍቱ አካባቢ የታቀደው ኤርፖርት ሥራ ሲጀምር ግን ወደ እኛ የሚመጣው እንግዳም ይህንኑ ሒሳብ መሥራት ይኖርበታል። ያን ጊዜ የእኛ ሆቴሎች “ፕላስ ፕላስ” ማለታቸውን ትተው ከኤርፖርት እስከ አልጋ ያለውን ጠቅላላ ዋጋ በአንድ ቁጥር ቢነግሩት፣ እንግዳው ከማንኛውም ቅናሽ በላይ የሚያስታውሰው ይህንኑ ይሆናል።

መልካም ጉዞ!